ስለ ታላቁ ካሜራና ስለ ታናሺቱ

በዚህ በእኛ ዘመን በአዲስ አበባ ከተማ ልጁን ለመዳር የተነሣ ሰው ከድንኳኑና ከወንበሩ፣ ከበሬውና ከጠጁ አስቀድሞ የሚጨነቅበት ነገር ቢኖር የፎቶግራፍ አንሺው ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ወጡ ጨው ቢበዛበት እንግዳው በልቶ ዝም ይላል፣ ድንኳኑ በዝናብ ቢያፈስም አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ የበረከት ምልክት ነው ብሎ ይተረጉመዋል፣ ፎቶግራፉ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ያ ሁሉ ድግስ ከነጭፈራው፣ ከነምርቃቱና ከነዕዳው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህም ሠርገኛው ቤተሰብ የራሱን ቀን ሳይቆርጥ የባለሙያውን ቀን ያጠያይቃል፤ እንዲያውም ባለሙያው በሌላ ሠርግ ስለ ተያዘ ብቻ ሠርጉ ወደሚቀጥለው እሑድ የተዛወረበትን ቤት ዐውቃለሁ።

ይህ ባለሙያ ዛሬ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው መሣሪያ በአብዛኛው ሚረርለስ የሚባለው ካሜራ ነው፤ ታላቁ የምለውም እርሱን ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የባለሙያ ካሜራ በውስጡ ሰያፍ የተጋደመ መስታወት ነበረውና በሌንሱ በኩል የገባው ምስል በዚያ መስታወት ላይ ተንጸባርቆ ወደ ዐይን ይወጣ ነበር፤ ጣት ቁልፉን በተጫነ ጊዜም መስታወቱ ብድግ ብሎ መንገድ ይለቅና ብርሃኑ ወደ ኋላ አልፎ በፊልሙ ወይም ፊልሙን በተካው ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር ላይ ያርፍ ነበር። አዲሱ ካሜራ ይህን መስታወት ጨርሶ አስወግዶ፣ በምትኩ ባለሙያው በሚያይበት ቀዳዳ ውስጥ አንዲት ታናሽ ስክሪን አኖረ። ፓናሶኒክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በዚህ መንገድ የተሠራውን ጂ1 አወጣ፤ ሶኒ በ2013 ትልቅ ሴንሰር ያለውን ኤ7 አስከተለ፤ ካነንና ኒኮንም ብዙ ካቅማሙ በኋላ በ2018 ትልቅ ሴንሰር የተገጠመላቸውን የየራሳቸውን ሚረርለሶች ይዘው ብቅ አሉ።

ከመስታወቱ መወገድ ይበልጥ የተጠቀመው ማን ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ናት ብዬ እመልሳለሁ። ተክሊል በሚደረግበት ጠዋት፣ ካህኑ ጸሎቱን በለሆሳስ በሚያደርስበትና ምእመናኑ አንገታቸውን ደፍተው በሚቆሙበት ሰዓት፣ የቀድሞው ካሜራ በተከታታይ ቀጭ ቀጭ ሲል ዲያቆኑ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ የሚወረውረው ዐይን ከግዝት የሚተናነስ አልነበረም። ሚረርለሱ ግን አንዳች ነገር ሳያንቀሳቅስ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያነሣበት ድምፅ አልባ ሥርዓት ስላለው፣ ባለሙያው ከዐምዱ ሥር ቆሞ መቶ ጊዜ ቢያነሣ እንኳ የሚሰማው የጧፉ መንጣጣት ብቻ ነው። ዳሩ ግን ይህም ዝምታ ያለ ዋጋ አልተሰጠም፤ ዛሬ በየቦታው የተሰቀለው የኤልኢዲ መብራት ብዙ ጊዜ ለዐይናችን ሳይታወቅ ስለሚርገበገብ፣ ሴንሰሩም ምስሉን ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ያልተጠነቀቀ ባለሙያ ማታ ቤቱ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የሙሽራውን ካባ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስመር ተጋድሞበት ያገኘዋል። የእኅቴ ልጅ፣ ማለት በዚህ ወግ ውስጥ ባለሙያ የምለው፣ እንዲህ ያለ መስመር ያየ ዕለት እራቱን አይበላም።

ኮምፓክት የምትባለው ታናሺቱ በአንጻሩ ከኮት ኪስ የምትገባ፣ ሲያጠፏት ሌንሷን ወደ ውስጥ ሰብስባ የምትተኛ፣ ከአንድ ቁልፍ በቀር ሌላ ነገር እንዲነኩባት የማትጠይቅ ናት። ካነን በ2017 ያወጣት አይክሰስ 185 ለምሳሌ ከነባትሪዋና ከነካርዷ 126 ግራም ያህል ትመዝናለች። ከዚያ በኋላ በዓመቱ ሶኒ ያወጣው ሦስተኛው ኤ7 ደግሞ 650 ግራም ነው፤ የሠርግ ባለሙያዎች የሚወዱትን ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚደርሰውን፣ ኤፍ 2.8 የሚባለውን የራሱን የሶኒን ታላቅ ሌንስ ሲገጥሙበት 886 ግራም ይጨመርበትና ከኪሎ ተኩል ያልፋል፤ እንግዲህ አንዱ ታላቅ ከዐሥራ ሁለት ታናናሾች ጋር በሚዛን ይተካከላል ማለት ነው። ዋጋውን ባላነሣው እወድ ነበር፤ ነገር ግን ያ ኤ7 ሲወጣ ያለ ሌንሱ 2,000 ዶላር ገደማ ይሸጥ እንደ ነበረ ለማስታወስ ያህል እናገራለሁ፤ በብር ስንት እንደሚሆን አንባቢ በዕለቱ ምንዛሪ ያስላው።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው ወደ ሱቅ የተሄደ ጊዜ ነው። ካሜራ የሚገዛ ያገሬ ሰው የሚያውቃት አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት፤ እርሷም «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» የምትል ናት። ባለሱቁም ታናሺቱ 20፣ ታላቁ 24 መሆኑን በታላቅ ቅንነት ይገልጽና «ጋሼ፣ ለአራት ብለው ነው ያን ሁሉ ብር የሚያወጡት? በአራቱ ፈንታ ጥሩ ቦርሳ ልመርቅዎት» ይላል። ባለሱቁ አልዋሸም፤ ቁጥሩ እርሱ ያለው ነው። ያልተናገረው ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ሚሊዮን ነጥብ የሰፈረበትን የቦታ ስፋት ነው። የታላቁ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ሲሆን የታናሺቱ ግን 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ አንዱ 864 ካሬ ሚሊሜትር፣ ሌላው 28 ያህል። በዚህ ስሌት የታላቁ እያንዳንዷ ብርሃን ተቀባይ ነጥብ ከታናሺቱ ነጥብ በ25 እጥፍ ትሰፋለች፤ ስለዚህም ጀንበር ስትጠልቅና በድንኳኑ ውስጥ ሁለት አምፖል ብቻ ሲቀር፣ ታላቁ የሙሽሪትን የጥልፍ ክር አንድ ባንድ እየለየ ሲያነሣ፣ ታናሺቱ የምታወጣው ምስል ፊት ሁሉ ሽፍታ የወጣበት ይመስላል።

ይሁን እንጂ ታላቁ በዚህ ስፋቱ ብዙ እንዳይታበይ አንድ የቆየ ታሪክ ሊነገረው ይገባል። በጀርመን አገር፣ በቬትስላር ከተማ፣ በላይትስ ፋብሪካ ውስጥ ኦስካር ባርናክ የሚባል ሰው ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ሲሆን አስም ያሠቃየው ስለ ነበረ፣ የዚያን ዘመን ካሜራ ከነመስታወት ሰሌዳዎቹና ከነሦስት እግሩ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አልሆነለትም፤ ስለዚህም ለሲኒማ የተሠራውን የ35 ሚሊሜትር ፊልም ወስዶ፣ ሁለቱን የሲኒማ ምስል ቦታ አንድ አድርጎ፣ 24 በ36 ሚሊሜትር ምስል የምታነሣ ትንሽ ካሜራ በ1914 ገደማ ለራሱ ሠራ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አልፎ በ1925 መሣሪያዪቱ ላይካ ተብላ ለገበያ ስትቀርብ በትልልቅ ሰሌዳ የሠለጠኑት የዘመኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ በንቀት ነበር ያዩአት፤ እንዲህ ካለች ደቃቃ ምስል ምን ይወጣል ብለው። እነሆ ዛሬ «ፉል ፍሬም ነው» ተብሎ የሚሸለልበት ስፋት ያ አስመኛ ሰው ሸክም ለማቅለል ብሎ የፈጠረው ያው የኪስ ካሜራ ስፋት ነው። ታላቁም በዘመኑ ታናሽ ነበረ ማለት ነው፤ የእኅቴ ልጅ ግን ይህን ታሪክ በነገርሁት ቁጥር የሌንሱን መስታወት መወልወል ይጀምራል።

ታናሺቱ በእኛ አገር ልዩ ፈተና አለባት፤ እርሱም ነጠላ ነው። አውቶማቲክ ካሜራ ሁሉ ከፊቱ ያለውን ብርሃን ደምሮና አካፍሎ፣ አማካዩን ግራጫ አድርጎ ለማውጣት የተቀመረ ስለ ሆነ፣ ነጭ ነገር የበዛበት ስፍራ ሲገጥመው ብርሃን የተረፈ መስሎት ምስሉን ያጠቁረዋል። ፈረንጆች ይህን ችግር የሚያውቁት በበረዶ ወራት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ የወጣው ምእመን ሁሉ፣ በሠርግ ድንኳን ግራና ቀኝ የተኮለኮሉት እናቶችና አባቶች ሁሉ ለካሜራው በረዶ ናቸው። በዚህም ምክንያት ነጠላው አመድማ ይሆንና ፊቱ ጨርሶ ይጨልማል፤ አልበሙን የሚገልጥ ሰው ማን ማን እንደ ሆነ የሚለየው በቁመትና በአቀማመጥ ብቻ ነው። የእኅቴ ልጅ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ጎማ በአውራ ጣቱ ወደ መደመሩ አንድ እርከን ያህል ገፋ ያደርገውና ነገሩ ያበቃል። ታናሺቱም ይህ ሥልጣን አላት፤ ነገር ግን ሜኑ ውስጥ፣ ከሜኑም ውስጥ በሌላ ሜኑ ሥር የተሰወረ ስለ ሆነ፣ ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ማንም ሰው እዚያ ደርሶ አያውቅም።

ፊቱ ጨለመ ብለው ፍላሿን ያበሩ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ መዘዝ ይመጣል። የታናሺቱ ፍላሽ ከሌንሷ እጅግ ቀርቦ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ብርሃኑ በዐይን ብሌን በኩል ገብቶ፣ ከዐይን ኋላ ባለው የደም ሥር ላይ አርፎ፣ በሄደበት መንገድ ቀጥ ብሎ ይመለሳል፤ ዐይንም ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታተማል። በዚህ ሰበብ፣ የሁዳዴን ጾም ከቅበላው እስከ ፋሲካ የጾሙ፣ ክፉ ቃል ከአንደበታቸው ወጥቶ የማያውቅ ባልቴት፣ በቤተሰቡ አልበም ውስጥ ጠበል ቶሎ ሊወሰዱ የሚገባቸው መስለው ለልጅ ልጅ ይተላለፋሉ።

እስካሁን የተናገርሁትን ያነበበ ሰው፣ እንግዲያስ ምን ክርክር አለ፣ ታላቁ ይግዛን ሊል ይችላል። እኔም እንዲህ ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን ታላቁ ካሜራ ብቻውን የሚሄድ አይደለም። እንደ ቀድሞ ዘመን ደጃዝማች ካለ አጀብ ከደጅ አይወጣም፤ ሰፊው ሌንስ ከፊት፣ ረጅሙ ሌንስ ከኋላ ይከተሉታል፣ ትርፍ ባትሪዎቹ ስንቅ ናቸው፣ ሦስት እግሩን የሚሸከም አንድ ጎረምሳ፣ መብራቱን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሌላ ጎረምሳ፣ ቦርሳውን የሚጠብቅ ሦስተኛ ጎረምሳ አለ፤ እነዚህም ሁሉ ከባለሙያው ጋር ምሳ ይበላሉ፣ ያውም ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ አጠገብ። ደጃዝማቹ ሲገባም ሕዝቡ ይነሣል፤ ከመንገዱ ላይ ገለል ይላል፤ ሲያዝዝም ይታዘዛል። ቄሱ ለምርቃት ያነሡትን እጅ «አባ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» ሲላቸው ሲደግሙለት አይቻለሁ፤ እኒሁ ቄስ ለደብሩ አስተዳዳሪ እንኳ እንዲህ አይታዘዙም።

መታዘዙስ ባልከፋ። ነገር ግን ታላቁ ካሜራ ሰውን በሁለት ወገን ይከፍላል፤ የሚታይና የማይታይ ብሎ። ሴንሰሩ ሰፊ፣ ሌንሱም አፈ ሰፊ በመሆኑ፣ አንድ ነገር ላይ ባነጣጠረ ጊዜ ከዚያ ነገር ፊትም ኋላም ያለው ይደበዝዛል፤ ባለሙያዎቹ «ብለር» ይሉታል፣ ውበቱም እርሱ ነው ይላሉ፤ ደንበኞችም ስለዚሁ ብለር ብለው ይከፍላሉ። ባለፈው የቤተሰባችን ሠርግ የእኅቴ ልጅ አልበሙን አምጥቶ በሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲያሳየን፣ ታላቅ አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው ሦስተኛውን ገጽ ሲመረምሩ ቆዩና አመልካች ጣታቸውን ከሙሽራው ትከሻ በላይ አሳረፉ።

«ይኼ ከጀርባው ያለው ጉም ምንድን ነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ?»

«ብለር ነው እትዬ፤ ሙሽሮቹ ጎልተው እንዲወጡ ነው።»

«ጥበቤን ከሽሮ ሜዳ አሠርቼ፣ ጸጉሬን ከንጋት ጀምሮ ተሠርቼ፣ ጉም አደረግኸኝ? እናትህ ትጉላ፣ አንተም ጉላ፤ ለመሆኑ ከወዲያኛው ወገን የመጣችው ያቺ ሴትዮ ጉም ሆናለች?»

የወዲያኛው ወገን ሴትዮ ጉም አልሆኑም ነበር፤ ከሙሽሪት ጎን በአንድ መስመር ቆመው ስለ ነበር ከነሐብላቸው፣ ከነወርቅ ጥርሳቸው ጥርት ብለው ወጥተዋል። ነገሩ በሽማግሌ ነው ያለቀው።

በእኔ አስተያየት እትዬ ትክክል ናቸው። በእኛ ቤት የሠርግ አልበም የዘመድ መዝገብ ነው፤ ገልጦ የሚያየው ሰው ሙሽሮቹን በጨረፍታ አልፎ፣ በጣቱ ከዳር ወደ ዳር እየተጓዘ፣ «ይኼ ማነው? ዐረብ አገር የነበረችው የአጎቱ ልጅ ባል ነው፤ ይኼስ? እሱ ጎረቤት ነው፤ እሷስ ከማን ጋር መጣች?» እያለ የዘር ሐረግ የሚያጠናበት ነው። ለዚህ አገልግሎት የተፈጠረችው ታናሺቱ ናት። ሴንሰሯ ትንሽ በመሆኑ የሌንሷም እውነተኛ ርዝመት፣ ከላይ በጠቀስኋት አይክሰስ ለምሳሌ፣ በሰፊው ጫፍ 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ አጭር ሌንስ ማደብዘዝ ቢፈልግ እንኳ አይችልም። ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ከሚዜው ኋላ ጠላ የሚቀዳው ልጅ፣ ከልጁም ኋላ በድንኳኑ ጥግ ከአማቹ የተደበቀው ተበዳሪ፣ ሁሉም እኩል ጥርት ብለው ይወጣሉ። በታናሺቱ ዘንድ ለሰው ፊት አድልዎ የለም።

ሌላም ብልጫ አላት። ፎቶግራፍ በአገራችን ቀድሞ የቤተ መንግሥት ክብር ያለው ሥራ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በድሮስ ቦያጅያን የሚባል አርመናዊ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገልግለዋል። በመስታወት ሰሌዳ ዘመን የተንቀሳቀሰ ሰው ምስሉ ይበላሽ ስለ ነበረ፣ በፎቶ ፊት መቆም ማለት እስትንፋስ ገትቶ፣ ግንባር ቋጥሮ፣ እጅን በጉልበት ላይ አኑሮ መቆየት ማለት ነበር፤ ካሜራው ከፈጠነ መቶ ዓመት ቢሞላውም የአባቶቻችን ትውልድ ይህን ሥርዓት አልለቀቀም። ትልቁ ሌንስ ወደ እርሱ የዞረ ሽማግሌ፣ እያወጋ ከነበረው ሳቅ ላይ ሳቁን ይሰበስብና ፍርድ ቤት እንደ ቀረበ ይቀመጣል። ወጣቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ባልሠሩት ሥራ ይሣላሉ፤ ሰፊ አትክልት ወዳለበት ግቢ ይወሰዱና «ሙሽራዬ ቀና፣ እጅህን ወገቧ ላይ፣ እሷን ሳይሆን ዛፉን እየው፣ ሳቅ፣ አይ ጥርስ ሳታሳይ» እየተባሉ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘዋወሩ፣ በአዳራሹ የተሰበሰበው እንግዳ የዳቦውን ሽታ እየሳበ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል።

በዚህ ሁሉ መካከል በዚያ በቤተሰባችን ሠርግ ታናሺቱ የት እንደ ነበረች ብትጠይቁኝ፣ በአንዲት ብላቴና እጅ ነበረች። ታላቁን ለሕፃን የሚሰጥ ሰው የለም፤ ታናሺቱን ግን «እንኪ፣ አትረብሺኝ» ብሎ ያልሰጠ የለም። ኮዳክ በ1900 ብራውኒ የተባለችውን የካርቶን ካሜራ በአንድ ዶላር ሲሸጥ በተለይ ልጆችን አስቦ ነበር፤ አሳቡ መልካም ነው፣ ሕፃን ማንም አይጠነቀቅለትምና። ያቺም ብላቴና በጠረጴዛ ሥር እየተሽሎከለከለች ያነሣቻቸው ፎቶዎች ግማሹ ጫማ ነው፤ አንዱ ግን አያቷን፣ ያን ፍርድ ቤት የሚቀርበውን ሽማግሌ፣ ጋቢው ከትከሻው ተንሸራቶ መሬት እየጠረገ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ ትከሻውን በእስክስታ ሲሰብቅ ያሳያል። ጥራቱን ብትሉኝ ከዳር በኩል ተቆርጧል፣ የአንዲት ሴት ክንድም ገብቶበታል። የእኅቴ ልጅ ያን ዕለት ካነሣቸው በሺሕ ከሚቆጠሩት አንዱም ይህ የለበትም።

ሺሕ ያልሁት ለማጋነን አይደለም። ታላቁ በሴኮንድ ዐሥር ምስል ያነሣል፤ ቀለበት እስኪጠለቅ ድረስ አንድ መቶ ይሞላል ማለት ነው። ባለሙያም እንደ ጥሬ ዕቃ የሚቆጥረውን ሮው የሚባለውን ፋይል ስለሚይዝ፣ ከዚያ ኤ7 የሚወጣ አንድ ምስል ሳይታመቅ ሲቀመጥ 47 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። እንዲህ ያለው ክምችት ተመርጦ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ ብጉሩ ተወልውሎ፣ ታትሞና ተጠርዞ እስኪመጣ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ሊቀለድበት የሚገባ አይደለም፤ አልበሙና የበኩር ልጃቸው በአንድ ሰሞን የደረሱላቸውን ባልና ሚስት ዐውቃለሁ። የታናሺቱ ካርድ ግን በሠርጉ ማግስት ከፎቶ ቤት ይደርስና ፎቶዎቹ በመልሱ ዕለት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ።

ስለ ዘበኞችም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዚህች ከተማ ታላቁን በአንገቱ አንጠልጥሎ ወደ አንድ ግቢ የቀረበ ሰው «ፈቃድ አለህ?» መባሉ የማይቀር ነው፤ ቦታው መናፈሻም ይሁን የሕንፃ ደረጃ ለውጥ የለውም። ታናሺቱን የያዘ ሰው ግን ሙሉ ቤተሰቡን አስከትሎ፣ እዚያው ዘበኛው ፊት፣ አንዳንዴም ዘበኛው ራሱ አንሥቶለት፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። በዘበኛ ሕግ የካሜራ ኃይል የሚለካው በሌንስ ርዝመት ነው።

ስልክ ሁለቱንም አስቀርቷል የሚል ካለ በከፊል እውነት አለው፤ በ2010 በዓለም ላይ ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ተልኮ ለገበያ ሲቀርብ አብዛኛው ኮምፓክት ነበረ፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ ያ ቁጥር ከዐሥር ሚሊዮን በታች ወረደ። ይሁን እንጂ ስልክ በሠርግ መካከል ይጮኻል፣ መልእክት ይመጣበታል፣ ያነሣው ሰውም ፎቶውን ከማየቱ በፊት የሌላውን ሰው ፎቶ ማየት ይጀምራል። በውጭ አገር ያሉ ወጣቶች የወላጆቻቸውን አሮጌ ኮምፓክት ከመሳቢያ እያወጡ መያዝ የጀመሩት ይህ ሰልችቷቸው ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ፍርድ ስጥ ከተባልሁ፣ ታላቁ ካሜራ ተጠያቂ ለሆነ ሰው የተሠራ ነው። ገንዘብ የተቀበለ ባለሙያ ብርሃን ጠፋብኝ፣ ሰው ጋረደኝ፣ ካርዱ ተበላሸብኝ ሊል አይገባውም፤ ለዚህም ነው የባለሙያው ካሜራ አንዱን ምስል በሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፈው፣ የሰውን ዐይን ራሱ ፈልጎ የሚከተለው፣ በጨለማም የሚያየው። ይህን የሚያህል አደራ ለታናሺቱ መስጠት በታናሺቱም በሙሽሮቹም መፍረድ ነው። ሊበላ፣ ሊጠጣና ሊጨፍር የመጣ ዘመድ ግን ኪሎ ተኩል ብረት በአንገቱ አስሮ ቢመጣ የጭፈራ ሰዓቱን በሰው አልበም ላይ አጠፋ እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም፤ ያውም ከባለሙያው ጋር ቦታ እየተጋፋ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለች ታናሽ ካሜራ ተረስታ እንደ ሆነ ለሚመጣው ሠርግ አውጣትና ለልጅ ስጣት። አስቀድመህ ግን ባትሪዋን አውጥተህ እየው፤ ያበጠ ከሆነ አስወግደው፣ ደኅና ከሆነም በዋዜማው ማታ መብራት ሳይጠፋ ቻርጅ አድርገው። ብዙ ጊዜ ተቀምጣ ከሆነ ቀኑንም ስለምትረሳው እንደገና ሙላላት፤ የምትሞላውም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ጳጉሜን የሚባል ወር አይገኝባትም።